ሠላሳ አራት ተብሎ የተጻፈው ልብ

በ2096 ዓ.ም. ቡሬ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ ጤናውን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ይጠያየቃል። «እንደምን አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ስንት ነህ?» «አርባ አንድ።» ቁጥሩ የልብ ደም ሥር በመቶ ስንት እንደጠበበ የሚናገር ነው፤ በየዓመቱ ሲቲ በሚባለው የምርመራ ማሽን ውስጥ ተተኝቶ ይታወቃል። ከሃምሳ በታች የሆነ ሰው አረንጓዴ አምባር ያስራል፤ መኪና ይነዳል፣ ሸክም ይሸከማል፣ ዳገት ይወጣል። ሃምሳ የሞላ ደግሞ ቀይ አምባር አስሮ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሐኪም ወረፋው እስኪደርስ ይጠብቃል። ሽማግሌዎች ሴት ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ እንኳ የልጁን ቁጥር በወረቀት ይዘው ነው። «ልጃችን ሃያ ሁለት ነው» ሲሉ የሴቷ ወገን እርስ በርሱ ተያይቶ ራሱን በእርካታ ይነቀንቃል። ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም።

አንዳርጌ ስመኘውን ግን ቁጥሩን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ አገር ሁሉ ያውቀዋልና። ሠላሳ አራት ነው። ዐምና ሠላሳ አራት ነበር፤ ካቻምናም፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊትም።

አንዳርጌ የስልሳ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ደረቱን ወጋ ወጋ ቢያደርገው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። ሐኪሞቹ በእጁ አንጓ ቀጭን ሽቦ አስገብተው እስከ ልቡ ሄዱ፤ የጠበበችውን ቦታ ለኩና «ሠላሳ አራት» አሉ። በዚያ ሰሞን የክልሉ ሲቲዎች እርስ በርስ አልስማማ ብለው ሰዉን ግራ አጋብተውት ነበር፤ አንዱ አርባ ያለውን ሌላው ሃምሳ አምስት ይለዋል። ስለዚህ ልኩ በሽቦ የታወቀ አንድ ሰው ተፈለገ፤ ማሽኖቹ ሁሉ በእሱ እንዲስተካከሉ። በአንዳርጌ ልብ ውስጥ ደም ሥሩን ያጠበበችው የኖራ ጠጠር ደግሞ ማሽኖችን እርስ በርስ የምታጣላ ዓይነት ሆና ተገኘች። በዚህ የተነሣ ተመረጠ። የሽቦውም ነገር ከዚያ ወዲያ እየቀረ ሄደ፤ ማሽን እያለ ሽቦ ምን ያደርጋል ተባለ።

ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ የማስተያያ ቡድኑ መኪና ይመጣና ዘጠኝ ከተማ ያዞረዋል። ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ቀን ቡና አይጠጣም፣ ማሽኑ ውስጥ ይተኛል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ሌላው ሰው ልቡ እንዲረጋ ክኒን ይውጣል፤ አንዳርጌ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ የኮት ኮሌታ ይሰፋል፣ ልቡም ረጋ ይላል። ሥዕሉን የሚያጎላው መድኃኒት በደም ሥሩ ሲገባ ከአንገት እስከ ጭን የሚወርድ ሙቀት አለ፤ የመጀመሪያ ዓመት ሽንቱ ያመለጠው መስሎት አፍሮ ነበር፤ አሁን ለአዲስ ሰው አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው እሱ ነው። ሰዉ «ጋሼ ልኩ» ይለዋል። ወረፋ የያዙ ሴቶች በረከቱ እንዳያልፋቸው ብለው ትከሻውን ነካ ያደርጉታል። እሱም አልጠላውም። ሰው ሆኖ መወደድን የሚጠላ የለም፤ በሠላሳ አራት መወደድ ደግሞ ድካም የለውም።

ዘንድሮ ዙሩ ወይብላ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ። የወይብላ ጤና ጣቢያ ጎን ለጎን ሁለት ክፍሎች አሉት። በአንዱ ውስጥ ውድነሽ የምትባል ባለሙያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበት አሮጌ ሲቲ ቆሟል፤ «እቴቴ» ትለዋለች፣ እንደ ሴትም ታዋራዋለች። በሌላው ክፍል ከሳጥኑ ከወጣ ሳምንት ያልሞላው አዲሱ ማሽን አለ፤ ሰዉ «ቆጣሪው» ይለዋል፤ እስከ ዐምና የተደረገው ማስተካከያ በመረቡ በኩል አስቀድሞ ተጭኖበታል። እቴቴ አርጅታለችና የማስተካከያው ፕሮግራም አይጫንባትም፤ ማሽኖቹን ሁሉ ከሚያያይዘው መረብም ጋር አትገናኝም። ስለዚህ ለልብ አትታመንም ተብሎ ላለፉት ዐሥር ዓመታት የተሰበረ ራስና የተሰነጠቀ ዳሌ ብቻ ስታይ ኖራለች። ዛሬ ልትታሸግ ነው። ሆኖም ቅጽ ሰባት ላይ «ከመታሸጉ በፊት የተደረገ የመጨረሻ ማስተያያ» የሚል መስመር አለ፤ የቡድኑ ኃላፊ ዶክተር ምንይችል ደግሞ ባዶ መስመር ትቶ የሚያድር ሰው አይደለም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዳርጌ እቴቴ ውስጥ ተኛ። ማሽኗ አጉረመረመች፣ ተንደረደረች፣ «ትንፋሽ ይያዙ» አለች በተሰነጠቀ ድምፅ። ያዘ። «ይተንፍሱ» አለች። ተነፈሰ። ውድነሽ ሥዕሉን አየችና ቅንድቧን አነሳች።

«ስልሳ አንድ» አለች።

«ጻፊው» አለ ዶክተሩ በእጁ ከያዘው የስክሪን ጽላት ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «አሮጌዎቹ ኖራ ሲያዩ ያጋንናሉ። ጻፊና እንለፍ፤ ውጭ አርባ ሰው ይጠብቃል።»

አንዳርጌ ከአልጋው ላይ ቁጭ አለ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ ከሠላሳ አራት ሌላ ቁጥር ሲነገር አልሰማም፤ ቁጥሩ የሚነገረው ሁልጊዜ ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ ነበር። አልደነገጠም። ይልቁንም ያልታየ የሐር ጨርቅ ገበያ ላይ እንዳየ ሰው ነገሩን አገላብጦ ማየት አማረው።

«ልጄ» አለ፣ «ምን ሆና ነው የምታጋንነው?»

«አዩ ጋሼ፣ ኖራ በሲቲ ፊት ያበራል። የሻማ ነበልባል ከሩቅ ሲያዩት ከክሩ ይበልጥ የለ? እቴቴ ጨረሩን የምትቀበለው በጅምላ ስለሆነ ጠጠሯን ከነጮራዋ ትለካታለች። በትልልቁ ከተማ ያለው መንታ የሚሉት ማሽን ሁለት ዓይን አለው፤ ልብ ቢሮጥም ይደርስበታል። ኖራ ላይ ግን እሱም ያው ነው። ይኼ አዲሱ ቆጣሪ ጨረሩን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ጠጠሯን በልኳ ያያታል ነው የሚሉት።»

«እና እቴቴ በስንት ታጋንናለች?»

«በእርስዎ ላይ በሰባት።»

«ሰባት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ውድነሽ ትንሽ አፈር አለች። ቁምሣጥኑን ከፈተች። ከበሩ በስተውስጥ በፕላስተር የተለጠፈች የጠወለገች ወረቀት አለች፤ ከታች የአንዳርጌ ፊርማ አለባት። «መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ለትዝታ ያስፈረምኩዎት ናት። ሰዉ ሁሉ ሲያስፈርምዎት እኔ ምን ሆኜ ልቅር?» ወረቀቷ ላይ የተጻፈው አርባ አንድ ነበር። «ቁጥሩን እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው የጻፍኩባት። ያኔ በሽቦ ሠላሳ አራት፤ እቴቴ አርባ አንድ። በሰባት አለፈች ማለት አይደል?»

«ነው። ታዲያ ዛሬ ስልሳ አንድ ካለች በሃያ ሰባት አልፋለች ማለት ነው?»

«አርጅታ ነዋ» አለ ዶክተሩ።

«አላረጀችም!» አለች ውድነሽ። የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛዋን በነገር ሲነኩባት ዝም የምትል አልነበረችም። ከጥግ ውሃ የሞላ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ አነሣች፤ መሐሉ ላይ ጥርስ የሚያህል ነጭ ድንጋይ ተቀብሯል። «በየሰኞው ጠዋት ይኼን አስገብቼ እለካታለሁ። ደብተሩ ይኸው፣ ይዩት ዶክተር። ሃያ ሁለት ዓመት ያው ቁጥር ነው። የእናንተዎቹ ናቸው በሰው የሚለኩት። ውሃ አይታመምም።»

ዶክተር ምንይችል ደብተሩን ተቀብሎ ጥቂት ገጽ ገለጠ። ከዚያ መለሰላትና «ወደ ቆጣሪው እንሂድ» አለ። ሆኖም አካሄዱ ከቅድሙ ቀስ ያለ ነበር።

ቆጣሪው ድምፅ የለውም። አንዳርጌ ገብቶ ተኛ፤ ኮሌታ መስፋት ጀመረ፤ ሙቀቱ ወረደለት፤ አበቃ። በመስኮቱ በኩል ዶክተሩ ጣቱን «አስተካክል» ወደሚለው ቁልፍ ሲሰድ አየው።

«ዶክተር፣ ቆይ ቆይ!» አለ። «ከመጫንዎ በፊት ስንት ይላል?»

ዶክተሩ ቆመ። በሰባት ዓመት የኃላፊነት ዘመኑ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም። «ሠላሳ ስድስት» አለ። «ትንሽ ይወዛወዛል፤ የማሽን ጠባይ ነው። መልሰን ሠላሳ አራት እናደርገዋለን።»

«ዐምናስ በስንት ተወዛወዘ?»

«ዐምና...» ጽላቱን ፈተሸ። «በሁለት።»

«ወደላይ ነው ወደታች?»

«ወደላይ።»

«ካቻምና?»

«አንድ። ወደላይ።» ዶክተሩ አሁን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ሁለት። ከዚያ በፊትም ሁለት። አንድ። ሦስት። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ሁሉም ወደላይ ነበሩ። እንደ ማሽን ጠባይ አንድ ቀን እንኳ ወደታች የተወዛወዘ አልነበረም።

አንዳርጌ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ የገባውም በሕክምና ሳይሆን በመቀስ በኩል ነው። ወጣት ሳለ ለአንድ ፋብሪካ ዘበኞች አርባ ካፖርት እንዲቆርጥ ታዝዞ ነበር። ልኩ ወደተቆረጠበት ካርቶን እየተመለሰ መለካት ሰልችቶት የመጀመሪያውን እጅጌ አስቀምጦ ሁለተኛውን ቆረጠበት፤ በሁለተኛው ሦስተኛውን፣ በሦስተኛው አራተኛውን። በየጊዜው የጠመኔውን መስመር የምታህል ብቻ ትተርፍ ነበር። አርባኛው ዘበኛ ሲለብስ ጣቶቹ እጅጌው ውስጥ ጠፉ። አሠሪው ጌታ በላይ መቀሱን ከእጁ ቀምተው «ምንጊዜም ከካርቶኑ ቁረጥ! ጨርቅ በጨርቅ አይለካም!» ብለው የተቆጡት ቁጣ ዛሬም ጆሮው ላይ አለ።

«ዶክተር» አለ ከማሽኑ እየወጣ፣ «እናንተ በየዓመቱ የምትለኩበት እኔ ነኝ እንጂ ያኔ በሽቦ የተለካችው ልብ አይደለችም። እኔ ደግሞ ካርቶን አይደለሁም። ሥጋ ነኝ። በየዓመቱ ትንሽ ጠብቤ ስመጣ ማሽኑ ያያል፤ እናንተ ደግሞ ‹ተሳስተሃል፣ ሠላሳ አራት በል› ትሉታላችሁ። ይደምሩት እስቲ።»

ዶክተሩ አልደመረም። ውድነሽ ነች በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ የደመረችው። የዐሥሩ ዓመት ዐሥራ ስምንት መጣ፤ የዛሬው ሁለት ሲጨመር ሃያ። ሠላሳ አራትና ሃያ፣ ሃምሳ አራት።

«እቴቴስ?» አለ አንዳርጌ።

«ስልሳ አንድ፤ ሰባት ሲቀነስ...» ውድነሽ መዳፏን አየች። ቀና አለች። «ሃምሳ አራት።»

አንዳርጌ በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ይህን ለመካድ ኋላም አልሞከረም። አሮጌዋና አዲሱ ማሽን፣ አንዷ በጅምላ እያየች ሌላው አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ በሁለት መንገድ ሄደው አንድ በር ላይ ተገናኙ። የግራና የቀኙ የኮት ደረት ቁልፍ በቁልፍ ሲገጥም የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነበር። ወዲያው ግን የገጠመው ነገር የገዛ ልቡ መሆኑ ትዝ አለው። ሃምሳ አራት ቀይ ነው። ፈራ። ስልሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሞትን የለመደ መስሎት ነበር፤ አልለመደውም።

ከፍርሃቱ ቀጥሎ ላቀው በሐሳቡ መጣበት። ላቀው ጨርቅ የሚያመጣለት ነጋዴና የሠላሳ ዓመት ወዳጁ ነበር። ዐምና ጥቅል ሱፍ ተሸክሞ ወደ አንዳርጌ ሱቅ ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። አምባሩ አረንጓዴ ነበር። ልቅሶው ላይ ሰዉ ሁሉ «አርባ ስድስት ነበር'ኮ! አርባ ስድስት ሰው ይገድላል?» እያለ ሲገረም፣ አንዳርጌም አብሮ ተገርሟል። አሁን በሐሳቡ ደመረ። ላቀው የሞተ ጊዜ ማሽኖቹ ከልካቸው በዐሥራ ስምንት ጎድለው ነበር። ስልሳ አራት። ወዳጁ ያንን ጥቅል ማንሣት አልነበረበትም። የተለካውም በአንዳርጌ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

«ኧረ ወዲያ! ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?» አለች ውድነሽ። «ተኙ አሉዎት፣ ተኙ። ሌላ ምን አደረጉ?»

ዶክተር ምንይችል ጽላቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ደንቡን በቃሉ ያውቃል፤ አሁንም ያው ደንብ ነው አፉ ላይ የመጣው። «አንቀጽ ዐሥራ ሁለት፦ የማመሳከሪያው ሰው ልብ ሠላሳ አራት ነው ይላል።»

«ለልቤ ማን ነገረው?» አለ አንዳርጌ።

ዶክተሩ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ተወው። «ይቀየራል» አለ ቀስ ብሎ። «የኃላፊው ጣትና የማመሳከሪያው ሰው ጣት አንድ ላይ ካረፈ ቁጥሩ ይቀየራል። ግን ምን እንደሚሆን ልንገርዎት። ሃምሳ አራት ብለን ከተጫንን የመረቡ ሲቲዎች ሁሉ ባለፈው ያነሡትን ሥዕል እንደገና ያነባሉ፤ አምባሩም በየሰዉ እጅ ላይ እንዳለ ቀለሙን ይለውጣል። ዘጠኝ ከተማ ነው። ሹፌሩ፣ ተሸካሚው፣ አራሹ፣ መምህሩ። ከሠላሳ በላይ የሆነ ሁሉ ዛሬ ቀይ ያስራል። እርስዎም ያስራሉ። በቀይ አምባር የስፌት መኪና በእግር መምታት እንደማይፈቀድ ያውቃሉ። ዙሩም ይቀራል። እርስዎም ሽቦው ወዳለበት ሆስፒታል ሄደው በእውነት መለካት አለብዎ፤ በዚህ ዕድሜዎ ሽቦ ቀልድ አይደለም።»

«እርስዎስ ስንት ነዎት?» አለ አንዳርጌ።

ዶክተሩ አምባሩን በሌላው እጁ ሸፈነው፤ ሳያውቀው ነው ያደረገው። «ሠላሳ ዘጠኝ» አለ። ሦስቱም በየልባቸው ደመሩ። ዶክተር ምንይችል ገና የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ነው ያገባው።

ከውጭ የወረፋው ሰው ድምፅ ይሰማል። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ቦታዋን የወሰደባትን ትቆጣለች። አንዳርጌ ቢተወው ምን እንደሚሆን አሰበው። ቁልፉ ይጫናል፤ ሠላሳ አራት ይሆናል፤ ትከሻውን እየነካኩት ወደ መኪናው ይሸኙታል፤ ነገ ሌላ ከተማ። ሃምሳ አራት የሚባል ነገር በአንዲት ሴት መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ታጥቦ ይቀራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሱ ግን በሹመቱ በልቶበታል፣ ከብሮበታል፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሄደበት ከወንበር ተነሥተውለታል። ሊቀርበት መሆኑ ቆጨው፤ ቁጭቱን ለራሱ አልሸሸገም። ግን ላቀው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ «ትንሽ ልረፍ» ያለውን ድምፅ እየሰማ እንዴት አድርጎ ሠላሳ አራት ይሁን?

«ጣቴን የት ላድርግ?» አለ።

ዶክተሩ ተነሣ፣ በመስኮቱ ወደ ኮሪደሩ አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ጽላቱ ላይ ሠላሳ አራትን አጥፍቶ ሃምሳ አራት ጻፈ። «እዚህ» አለ። የራሱን ጣት ቀድሞ አሳረፈ። አንዳርጌ አጠገቡ አሳረፈ። ውድነሽም እንደ ምስክር ሁለቱን ጣት ትክ ብላ አየች።

ምንም ድምፅ አልተሰማም። የዶክተሩ አምባር ቀላ፤ የአንዳርጌ ቀላ። ውድነሽ የራሷን አየችና አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ደስ እንዳይላት ከንፈሯን ነከሰች።

አንዳርጌ በሩን ከፍቶ ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ ሳቁ ቆሟል። አርባው ሰው የገዛ እጁን እያየ ነው፤ ግማሹ እጁን ያራግፋል፣ አምባሩን በጣቱ ይፍቃል፣ የጎረቤቱን አምባር ያያል። «ተበላሸ መሰለኝ» አለ አንድ ጎልማሳ። «የእኔም» አለው ሌላው። ወረፋው ፊት ላይ የቆመችው ሴት ሃምሳ ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ ከገበያ እግረ መንገዷን የመጣች ናት፤ ግማሽ ማዳበሪያ ድንች በገመድ ጀርባዋ ላይ አዝላለች። አምባሯ ቀይ ነው። አንዳርጌን ስታየው ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ እሱን መጠየቅ የሚገባ መሰላት።

«ጋሼ ልኩ» አለችው፣ «ከቤቴ ስወጣ ደኅና ነበርኩ። እዚህ ቆሜ ነው እንዴ የታመምኩት?»

አንዳርጌ ወደ ፊቷ አየ። ሊያባብላት አልፈለገም። «አይደለም እህቴ» አለ። «ዐምናም ታመሽ ነበር። ካቻምናም ሳይሆን አይቀርም። በእኔ ለክተውሽ ነው ያልታወቀሽ።»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ገመዱን ፈታ ድንቿን መሬት ላይ አወረደች፤ ግድግዳውን ተደግፋ በቀስታ ተቀመጠች፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ወይ ጉድ» አለች። «እኔ ደግሞ ዳገቱ የረዘመ መስሎኝ ነበር።»